ለእናቴ ሆስፒስ ልመርጥ ነው፤ ምን ብዬ ልጠይቅ?

ጥያቄ፦ የእማዬ ልጅ (ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ)

ሰላም ለሁላችሁም። እናቴ 78 ዓመቷ ነው። የቆሽት ካንሰር ይዟት አሁን ጉበቷ ላይ ደርሷል። ሐኪሟ «ከእንግዲህ ኬሞው ከሚጠቅማት የሚጎዳት ይበዛል» አለን። የሆስፒታሉ ሶሻል ወርከር ደግሞ አሥራ አንድ የሆስፒስ (ለማይድን በሽተኛ ሕመሙን እያስታገሰ የሚያስታምም) ድርጅት ስም ያለበት ወረቀት ሰጠችኝና «እስከ ነገ ማታ አንዱን መርጠሽ ንገሪኝ» አለችኝ። ለሁለቱ ደወልኩ፤ የሚሉት አንድ ነው። በምን ልለያቸው?

እማዬ የምትኖረው ከእኔ ጋር ነው። ሜዲኬር (የአሜሪካ መንግሥት ለአረጋውያን የሚሰጠው የጤና መድን) አላት። እንግሊዝኛ አትችልም። ሕመሙ የሚብስባት ሌሊት ነው። ምን ደረጃ ላይ እንደደረሰ ለእሷ አልነገርናትም። ወንድሜ ከአዲስ አበባ እየደወለ «ሞርፊን ሰጥተው ሊገድሉብን ነው፤ ይልቅ አገሯ ትግባ» ይለኛል። ያለፈበት ሰው ካለ እባካችሁ።

መልስ፦ ነርስ ነኝ (አሌክሳንድሪያ)

እህቴ አይዞሽ። እግዚአብሔር ይርዳሽ። ሆስፒስ ውስጥ ነው የምሠራው፣ የማውቀውን ልንገርሽ።

ሁሉም አንድ ዓይነት የሚያወሩት ሜዲኬር የሚያዛቸው አንድ ስለሆነ ነው። የሆስፒታል አልጋ፣ ኦክስጅን፣ ዳይፐር፣ ከበሽታው ጋር የተያያዘ መድኃኒት፣ ነርስ፣ ገላ አጣቢ፣ ሶሻል ወርከር፣ ሁሉም ማቅረብ አለባቸው። ለመድኃኒት ቢያስከፍሉሽ ለአንዱ ከ5 ዶላር አይበልጥም። ስለዚህ «አልጋ በነፃ እናመጣለን» ሲሉሽ እንደ ስጦታ አትቁጠሪው።

የሚለያዩት ሌሊት ነው። እንዲህ ብለሽ ጠይቂ። ቅዳሜ እኩለ ሌሊት ካለፈ በኋላ ብደውል ስልኩን ማን ያነሳል፣ ነርስ ነው ወይስ መልእክት ተቀባይ? ነርሷ ቤቴ እስክትደርስ ስንት ሰዓት ይፈጃል? በዚያ ሌሊት ስንት ካውንቲ (ወረዳ) ነው የምትሸፍነው? ሕመሙ ቤት ውስጥ አልበርድ ቢል የት ታስተኟታላችሁ? አንዳንዱ የራሱ ማዕከል አለው፣ አንዳንዱ ከሆስፒታል ጋር ውል አለው። ይሄን ጥያቄ የሚሸሽ ድርጅት ይቅርብሽ።

አንድ ነገር ግን አስቀድመሽ እወቂ። ነርሷ ቤት አትቀመጥም። አብዛኛውን ጊዜ በሳምንት አንዴ ወይ ሁለቴ መጥታ አይታ ትሄዳለች። አጣቢዋም ለትንሽ ሰዓት ነው። ቀንና ሌሊት የምታስታምሚው አንቺ ነሽ። ሲደክምሽ እስከ 5 ቀን ድረስ እናትሽን ሌላ ቦታ አስተኝተው አንቺን የሚያሳርፉበት አሠራር አለ። ብዙ ሰው ሳያውቀው ይቀራል፤ ከመጀመሪያው ቀን ጠይቂው።

የሜዲኬር ድረ ገጽ ላይ ኬር ኮምፔር የሚባል ማወዳደሪያ አለ። እዚያ በመጨረሻዎቹ 3 ቀናት ውስጥ ቢያንስ በ2ቱ ነርስ ወይም ሶሻል ወርከር ቤታቸው የሄደላቸው በሽተኞች ስንት በመቶ እንደሆኑ ተጽፏል። እኔ ለራሴ እናት ብመርጥ መጀመሪያ የማየው ያንን ቁጥር ነው።

ሆስፒስ ለመግባት ስድስት ወር የሚባል ነገር ስትሰሚም አትደንግጪ። ሁለት ሐኪሞች «በሽታው በተለመደው መንገድ ከሄደ የቀራት ዕድሜ ከስድስት ወር አይበልጥም» ብለው ይፈርማሉ። ከዚያ በላይ ከቆዩ ይታደሳል። ሐሳባችሁን ከቀየራችሁም በማንኛውም ቀን መውጣት ትችላላችሁ።

መልስ፦ የጋሼ ልጅ

እኔ አባቴን ነው ያስታመምኩት። መጀመሪያ የያዝነው ድርጅት ቀን ቀን ጥሩ ነበር። አንድ እሑድ ሌሊት አባቴ ትንፋሽ አጠረው። ደወልኩ፣ «መልእክትዎን አስተላልፈናል» አሉኝ። ደግሜ ደወልኩ፣ ያው። ከጀርባው ትራስ ደራርቤ፣ መስኮት ከፍቼ፣ ስልኩን በትከሻዬ ይዤ ጠበቅኩ። ነርስ ስትደውልልን ሊነጋ ምንም አልቀረውም። እስካሁን ያንን ሌሊት አልረሳውም።

በሳምንቱ ቀየርን። መቀየር እንደሚቻል አላውቅም ነበር። ሜዲኬር ሆስፒስን የሚፈቅደው በዘመን በዘመን ከፍሎ ነው፤ የመጀመሪያው ዘመን 90 ቀን ነው፣ ሁለተኛውም 90፣ ከዚያ በኋላ በየ60 ቀኑ ይታደሳል። በእያንዳንዱ ዘመን አንድ ጊዜ ድርጅት መቀየር መብትሽ ነው። ምክንያት አስረጂ አይሉሽም።

የእኔ ምክር ዛሬ ማታ ከመተኛትሽ በፊት ለሦስቱ ደውዪ። ቀን ሳይሆን ሌሊት። ማን እንደሚያነሳ በጆሮሽ ስሚ።

ይሄን ለመጻፍ ይከብደኛል ግን ልንገርሽ። እናትሽ ቤት ውስጥ ስታርፍ የምትደውዪው ለሆስፒሱ ነው። ለ911 (ለአደጋ ጊዜ ስልክ) አይደለም። 911 ከመጡ ልቧን ለመመለስ ደረት ወደ መጫን ሊገቡ ይችላሉ። የሆስፒሷ ነርስ መጥታ ታረጋግጣለች፣ ከዚያ የቀብር አስፈጻሚው ይጠራል። ሜሪላንድ ስለሆንሽ ሞልስት የሚባለውን፣ እንደ ደረት መጫን ያለ ሕክምና ይደረግላት ወይስ አይደረግላት የሚለውን የሚያዝ ፎርም ከሐኪሟ ጋር ተነጋግራችሁ ሙሉ፣ ፍሪጁ ላይ ለጥፉት።

መልስ፦ አስተርጓሚዋ

የሕክምና አስተርጓሚ ነኝ። አስተርጓሚ ማቅረብ የእነሱ ግዴታ ነው፣ በነፃ። «ልጅቷ ትተርጉም» ካሉሽ እምቢ በይ። ልጅ ለእናቷ ይሄን መተርጎም የለባትም። አፍ ይይዛል።

እንዳይነገራት ያላችሁትን በተመለከተ፣ አእምሮዋ ንቁ ከሆነ የመግቢያውን ፎርም የምትፈርመው ራሷ ናት። ፎርሙ ደግሞ «ሕክምናው ለማዳን ሳይሆን ሕመም ለማስታገስ ነው» ይላል። እኔ ክፍሉ ውስጥ የተባለውን ሁሉ መተርጎም አለብኝ፣ መዝለል አልችልም። ስለዚህ ነርሷን ቀድመሽ አነጋግሪያት። መጀመሪያ እንዲህ ብላ ትጠይቃት፦ «እማማ፣ ስለ ሕመምዎ ሁሉንም መስማት ይፈልጋሉ ወይስ ልጅዎ ብትሰማልዎ ይሻላል?» አንዲት እናት ይሄን ስትጠየቅ «ልጆቼ እንዳይደነግጡብኝ ብዬ እንጂ አውቄዋለሁ» ስትል ሰምቻለሁ። ልጆቿ አጠገቧ ነበሩ።

የምታጥባት ሴት እንድትሆን ጠይቂ። ማተቧን እንዳይቆርጡት አስጽፊ። የምትቆርብ ከሆነ ደግሞ ንስሐ አባቷን መዋጥ ሳያቅታት ጥሪ፤ ብዙ ሰው ያንን አዘግይቶ ይቆጫል።

መልስ፦ ነርስ ነኝ (አሌክሳንድሪያ)

ለወንድምሽ ይሄን አንብቢለት። ሞርፊኑ አፍ ውስጥ የሚንጠባጠብ ፈሳሽ ነው። በትንሹ ተጀምሮ በሕመሙ ልክ ይጨመራል። ትንፋሽ ሲያጥርም ያቀላል። ሞት የሚያመጣው በሽታው ነው። ሆድ ግን ያደርቃል፣ ማለስለሻ አብሮ እንዲታዘዝ ተከታተዪ።

ጥያቄ፦ አዲስ ገቢ

በመሀል ስለገባሁ ይቅርታ። የእኔ እናት ከመጣች 3 ዓመቷ ነው፣ ሜዲኬር የላትም። ለእኛስ?

መልስ፦ ነርስ ነኝ (አሌክሳንድሪያ)

እዚህ አገር እሷ ወይም ባሏ ሠርተው ካልከፈሉ በግሪን ካርድ 5 ዓመት ካልሞላት ሜዲኬር አይሰጣትም። ለትርፍ የማይሠሩትን ድርጅቶች ጠይቂ፣ መክፈል ለማይችል የተመደበ ገንዘብ ያላቸው አሉ። «ቻሪቲ ኬር አላችሁ?» በያቸው። አንዱ የለንም ካለሽ ለሌላው ደውዪ።

መልስ፦ ከቦሌ

አገሯ ትግባ ለሚለው፣ እሷን ጠይቋታል? ራሷ ከፈለገች ቶሎ ነው የሚወሰነው። አየር መንገዱ የሐኪም ወረቀት ይጠይቃል፣ ኦክስጅን ካስፈለጋት ቀድሞ መነገር አለበት። ሜዲኬር እዚህ አይከፍልም። አዲስ አበባ ውስጥ ሆስፒስ ኢትዮጵያ የሚባል ቤት ለቤት እየሄደ የሚያስታምም ድርጅት አለ፤ ወንድምሽ ከትኬቱ በፊት እነሱን ያነጋግር።

የእማዬ ልጅ

ሁላችሁንም እግዚአብሔር ይስጥልኝ። በዚያው ሌሊት ለሦስቱ ደወልኩ። አንዱ አልተነሳም። ሁለተኛው መልእክት ተቀበለኝ። ሦስተኛው ላይ ያነሳችው ነርስ ነበረች፣ ገና ስሜን ሳልናገር «አሁን ሕመም ላይ ናት?» አለችኝ። እነሱን ያዝን።

ሐሙስ መጡ። በስልክ አስተርጓሚ እንዳላችሁኝ ጠየቋት። እማዬ ዝም ብላ ቆየችና «ንገሩኝ» አለች። ነገሯት። አላለቀሰችም። አገር ቤት መሄድ ትፈልግ እንደሆነ ስጠይቃት «የልጅ ልጆቼ እዚህ አይደሉ እንዴ» አለችኝ። ወንድሜ በቪዲዮ ሰማት፣ ከዚያ ወዲህ ስለ ሞርፊኑ አላነሳም። ነርሷ ጥያቄ ካላት ስትላት «ቡና ይከለክሉኛል?» አለች። አይከለከልም።

ንስሐ አባቷ እሑድ ይመጣሉ። አልጋዋን ሳሎን፣ ጀበናው በሚታያት በኩል ዘርግተንላታል።