«ፖሊስ ጥራ» አሉን እኮ!

ዝናር፦ ትናንት እዚሁ መካከላችን «የጦር መሣሪያ ሕጉ ገና ይጥበቅ፤ ቤቱ የተደፈረበት ሰው 991 ደውሎ ፖሊስ ይጥራ» ተብሎ የተጻፈውን አንብቤ እንቅልፍ አጣሁ። ጸሐፊው ከአዲስ አበባ ወጥቶ ያውቃል? እኔ ባደግሁበት ቀበሌ ፖሊስ ጣቢያው በእግር የአራት ሰዓት መንገድ ነው። ክረምት ወንዙ ሲሞላማ ጨርሶ አይደረስም።

የሕግ ተማሪ፦ «ጸሐፊው» ሳይሆን ጸሐፊዋ፤ እኔ ነኝ። አዋጅ 1177/2012 ፈቃድ አውጣ አለ እንጂ የአባትህን ጠመንጃ ቀማህ? መሣሪያ መያዝ ልማድ በሆነበት አካባቢ የሚኖረው እንኳ አስመዝግቦ እንዲይዝ ፈቅዷል። ራስን መከላከልም በወንጀል ሕጉ አንቀጽ 78 ተጽፏል፤ ጠመንጃ ያለው ብቻ ይከላከል አይልም።

ዝናር፦ እሺ፣ ክላሽ ይዞ በረቴ የገባውን አንቀጽ 78 እያነበብሁ ልመልሰው። ፖሊስ እስኪመጣ መቼም ንባቡን እጨርሳለሁ።

የቆላው፦ የተመዘገበ ሰው ስሙ መዝገብ ገባ ማለት ነው፤ መሣሪያ አስፈቺ ሲመጣ መጀመሪያ የሚያንኳኳው የእሱን በር ነው። ሽፍታው ስሙን ይሰጣል? ቱርክ ሠራሹ ሽጉጥ በጭነት መኪና ተደብቆ የሚገባው ፈቃድ ጠይቆ ነው?

ወለተ ማርያም፦ እናንተ ስለ ሽፍታ ታወራላችሁ። በእህቴ ሰርግ፣ ሙሽራው ግቢ ሲገባ ለደስታ ጥይት ተተኮሰ። ጠላ ሲቀዳ የነበረ የጎረቤት ልጅ ጣሳውን እንደያዘ ቁጭ አለ። ጠላው እንኳ አልፈሰሰም። የደከመው መስሎን ተነሥ አልነው። ተኳሹ ዘራፊ አልነበረም፤ አጎታችን ነው።

ዝናር፦ ነፍስ ይማር። ግን የሰካራም ጥፋት ለሁላችን ሕግ አይሆንም።

ወለተ ማርያም፦ ሰከረ ያልሁት የት ላይ ነው?

ከቨርጂኒያ፦ እዚህ አሜሪካ እ.ኤ.አ. በ2021 በጥይት ከሞተው 48 ሺህ በላይ ሰው ከግማሽ የሚበልጠው ራሱን ያጠፋ ነው። ሌባ ሲመጣ ብሎ የገዛው መሣሪያ ሌባው ሳይመጣ ባለቤቱን ገደለው። አውስትራሊያ እ.ኤ.አ. በ1996 በአንድ ታጣቂ 35 ሰው ከተገደለባት በኋላ ሕጓን አጠበቀች፤ መንግሥት ከ600 ሺህ በላይ መሣሪያ ከሕዝቡ ገዝቶ አወደመ።

የቆላው፦ አውስትራሊያ ዙሪያዋ ባሕር ነው። መጀመሪያ የሱዳን ድንበሩን መተማን ባሕር አድርግልንና እንነጋገር። ደግሞስ አያቶቻችን ዓድዋ ላይ በክላሽ ፈቃድ ነው የተዋጉት?

ጋሼ ከበደ፦ ልጄ፣ በ1888 ክላሽ የሚባል አልተፈጠረም። ውጅግራ ነው የያዙት፤ ስሙም ፊዚ ግራ ከሚለው ከፈረንሳይኛው የመጣ ነው።

የቆላው፦ ጋሼ፣ ለነገሩ ያህል ነው ያልሁት።

ጋሼ ከበደ፦ ለነገሩ ያህልም ቢሆን በዓድዋ አይቀለድም። ሰናድር የሚባለው ጠመንጃም ነበር።

የሕግ ተማሪ፦ ወደ ጉዳያችን እንመለስ። ዝናር፣ ችግርህ የጣቢያው መራቅ ከሆነ ጣቢያ ይሠራልን በል፤ ከሕጉ ጋር ምን አጣላህ?

ዝናር፦ ሃያ ዓመት ሙሉ ብለናል። አሁን ደግሞ ጠመንጃውን ለማስመዝገብ ያንኑ አራት ሰዓት ተሸክሜው ልሂድ ነው የምትዪው? መንገድ ላይ «ፈቃድህ የታለ?» ብሎ የሚይዘኝ ፖሊስ ከየት እንደሚመጣ ግን ንገሪኝ።

ወለተ ማርያም፦ ሰከረ ያልሁት የት ላይ እንደሆነ እስካሁን አልመለስህልኝም።