ለመጀመሪያው የሶፍትዌር ሥራ ቃለ መጠይቅ እንዴት ልዘጋጅ?

ጥያቄ፦ ከአቶቴ፣ ሐዋሳ
ዘንድሮ በሶፍትዌር ምህንድስና ተመርቄአለሁ። አንድ የአዲስ አበባ ድርጅት ለጀማሪነት የሥራ መደብ በሚመጣው ሐሙስ በቪዲዮ ቃለ መጠይቅ ጠርቶኛል። «አንድ ሰዓት ነው፤ ኮድ ትጽፊያለሽ» ከማለት በቀር የነገሩኝ የለም። አልጎሪዝሞቹን (የታወቁትን የችግር መፍቻ ስልቶች) ሁሉ በቃሌ ልያዝ? የመመረቂያ ፕሮጀክቴ የሆቴል ክፍል ማስያዣ ሲሆን ለአራት ነው የሠራነው።

የሐይቅ ዳር
እህቴ፣ ለጀማሪ የሚቀርበው ጥያቄ ብዙ ጊዜ አጭር ነው። ለምሳሌ ከቁጥሮች ዝርዝር ውስጥ ድምራቸው 10 የሚሆኑ ሁለት ቁጥሮችን ፈልጊ ትባያለሽ። ከመጻፍሽ በፊት ጠይቂ፦ ቁጥሮቹ ተደርድረዋል? ይደጋገማሉ? ጥንዱ ከሌለስ? ቀላሉ መንገድ እያንዳንዱን ከሌላው ጋር መደመር ነው፤ ዝርዝሩ 10,000 ቁጥሮች ካሉት ግን ወደ 50 ሚሊዮን ጥንዶች ይሆናሉ። ያለፍሽባቸውን በሃሽ ቴብል (አንድ ቁጥር መኖር አለመኖሩን ሁሉንም ሳያስስ ወዲያው በሚያሳይ መዝገብ) እየመዘገብሽ ብትሄጂ፣ 3 ላይ ስትደርሺ 7 አልፎ እንደሆነ ብቻ ታያለሽ፤ አንድ ዙር ይበቃል። ከመጀመሪያው መንገድ ወደ ሁለተኛው ለምን እንደተሻገርሽ ድምፅሽን አውጥተሽ ተናገሪ። ፈታኙ የሚመዝነው እሱን ነው። በቃል የተያዘ መልስ ጥያቄው ትንሽ ሲለወጥ ይጠፋል።

ከአዳማ
መሠረታዊዎቹን ግን እጅሽ እስኪለምዳቸው ጻፊያቸው። እኔ ባይነሪ ሰርች (ዝርዝሩን ደጋግሞ ለሁለት እየከፈለ የሚፈልግ ስልት) በ1,000,000 የተደረደሩ ቁጥሮች ውስጥ በ20 ያህል ንጽጽር እንደሚያገኝ አሳምሬ አስረዳሁ፤ ስጽፈው የፍለጋውን ወሰን በአንድ ስቼ ፕሮግራሙ ማቆሚያ አጣ። ሥራውንም አላገኘሁም፤ እስካሁን ይቆጨኛል። ባዶ ዝርዝርና አንድ ቁጥር ብቻ ያለበትን ዝርዝር ሰጥተሽ ኮድሽን መስመር በመስመር ተከተይው።

የኮምፒውተር መምህር
ልጄ፣ ስለ ፕሮጀክቱ ስትጠየቂ «ሠራን» ብለሽ አትለፊ፤ የራስሽን ድርሻ ለይተሽ ተናገሪ። ደግሞም «ሁለት እንግዶች አንዱን ክፍል በአንድ ቅጽበት ቢይዙስ?» የሚል ጥያቄ ጠብቂ።

ጠያቂዋ
መምህር፣ ይህን ፈጽሞ አላሰብንበትም ነበር! እኔ የሠራሁት የዳታቤዙን ክፍል ነው።

የኮምፒውተር መምህር
እንግዲያው ያልሠራችሁትን እንደ ሠራችሁ አድርገሽ አታቅርቢ፤ መፍትሔውን አስረጂ። እያንዳንዱ ሌሊት በራሱ መስመር ከተመዘገበ፣ የክፍል ቁጥርና ቀን አብረው እንዳይደገሙ ዳታቤዙ ራሱ ይከልክል። ሁለተኛው እንግዳ ያን ጊዜ «ተይዟል» የሚል መልስ ያገኛል። ከሐሙስ በፊት ሠርተሽ ሞክሪው፤ አንድ ምሽት ይበቃሻል።

የሐይቅ ዳር
መብራት ቢጠፋ እንዳትደነግጪ ላፕቶፑንም ስልኩንም ሞልተሽ አዳሪ፤ የስልኩን ኢንተርኔት ወደ ላፕቶፑ ማገናኘትን ረቡዕ ማታ ሞክሪ። የፈታኙንም ስልክ ቁጥር አስቀድመሽ ጠይቂ።