አስቸኳይ! የወረቀት ሞዴሉ ማዕዘኑ ይሰነጠቃል፣ ኮላውም አልይዝ አለኝ

የአባዶዋ እናት፣ ማታ 1:50
እባካችሁ የምታውቁ ቶሎ መልሱልኝ። ልጄ የላሊበላን ቤተ ጊዮርጊስ ከደረቅ ወረቀት ሠርቶ ነገ ጠዋት 2 ሰዓት ያስረክባል። የመስቀሉን ግድግዳ ባጠፍኩት ቁጥር ማዕዘኑ ላይ ይሰነጠቅና ነጭ ይወጣዋል። ኮላውም አይዝም። አሁን አንዱ ጎን ተላቆ ጣሪያው ወደ ውስጥ ገባ። የካ አባዶ ነን፣ በአካባቢያችን ያለው ስቴሽነሪ ሁሉ ተዘግቷል። ምን ላድርግ?

ፈጣን መልስ፣ ማታ 1:53
ሱፐር ግሉ። ሰፈር ሱቅ አይጠፋም። ጠብ አድርጊበት፣ አለቀ።

ታዛቢው፣ ማታ 1:58
ይቅርታ እህቴ፣ የቤት ሥራው የማን ነው? «ባጠፍኩት ቁጥር» ያልሽው አንቺ ነሽ። ልጁ የታለ? አስተማሪዎቹም ያውቃሉ እኮ። ሁሌ 10 ከ10 የሚያገኙት እናቶች ናቸው።

የአባዶዋ እናት፣ ማታ 2:01
ልጁ 9 ዓመቱ ነው፣ ካተር አላስይዘውም። ቀለሙን እሱ ነው የቀባው። ደግሞ አሁን የዚህ ክርክር ሰዓት ነው?

ጋሽ ታሪክ፣ ማታ 2:06
ልጄ፣ መጀመሪያ አንድ ነገር ይታወቅ። ቤተ ጊዮርጊስ አልተገነባም፤ ከአንድ አለት ከላይ ወደ ታች ተፈለፈለ። ድንጋይ በድንጋይ ላይ አልተጫነም፣ ጭቃም ሆነ ኖራ አልገባበትም። በላሊበላ ያሉት አብያተ ክርስቲያናት 11 ናቸው፣ በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ መዝገብ የገቡት በ1978 እንደ ፈረንጆቹ ነው። የቤተ ጊዮርጊስ ጣሪያ አንዱ በሌላው ውስጥ የተቀረጹ 3 መስቀሎች አሉት። ሕንፃው የቆመው ጥልቅ ጉድጓድ ውስጥ ስለሆነ ዳር ላይ የቆመ ሰው ጣሪያውን ቁልቁል ነው የሚያየው። ዛሬ ልጆቻችን ሜዳ ላይ የቆመ ቤት አድርገው ይሠሩታል። ይህ ስህተት ነው። ተማሪ ቅርሱን ሳያውቅ...

ኮዬ ፈጬ፣ ማታ 2:09
ጋሼ፣ እሷ ኮላ አልያዘኝም ነው ያለችው 😂 የላሊበላ ሰዎች ብልጥ ነበሩ። ኮላ እንዳያስቸግራቸው ፈለፈሉት።

ፈጣን መልስ፣ ማታ 2:10
ሱፐር ግሉ ብያለሁ።

የማተሚያ ቤት ልጅ፣ ማታ 2:14
እህቴ፣ ሁለት ነገር ንገሪኝ። ወረቀቱ ምን ዓይነት ነው? ኮላውስ?

የአባዶዋ እናት፣ ማታ 2:16
የሠርግ ጥሪ ካርድ ቁርጥራጭ ነው። ወንድሜ ከማተሚያ ቤት አምጥቶልን በፌስታል ሙሉ አለን። አንዱ ገጽ ያብረቀርቃል። ኮላው ነጩ፣ አናጢ የሚጠቀምበት።

የማተሚያ ቤት ልጅ፣ ማታ 2:25
ይኸው፣ ተገኘ። ችግርሽ ሁለት ነው።

የሚያብረቀርቀው ገጽ ላይ ስስ ፕላስቲክ ተለብጦበታል። ነጩ ኮላ ደግሞ የሚይዘው ወረቀቱ ውስጥ ሲሰርግ ነው። ፕላስቲኩ አያሰርገውም፤ ሲደርቅ እንደ ቆዳ ተልጦ ይነሳል። ኮላው የሚያርፍበትን ቦታ ብቻ በብርጭቆ ወረቀት ፈግፊው። ከሌለ የጥፍር ሞረድ ይሠራል። ማብረቅረቁ ከጠፋ ይበቃል። ኮላውንም በጣትሽ አታብዢው። በክብሪት እንጨት ስስ አድርገሽ ቀቢና በልብስ መቆንጠጫ ያዢው። የበዛ ኮላ ወረቀቱን ያርሰዋል፣ ከዚያ ይጣመማል።

ስንጥቁ ግን ከኮላው ጋር አይገናኝም። ወረቀት እንደ እንጨት ጭረት አለው፤ ፋብሪካ ውስጥ ክሮቹ በአብዛኛው በአንድ አቅጣጫ ነው የሚተኙት። በጭረቱ አቅጣጫ ካጠፍሽው ቀጥ ብሎ ይታጠፋል። አቋርጠሽ ካጠፍሽው ይሰነጠቃል። ሙሉ ወረቀት ሲሆን አንዴ ካወቅሽው አለቀ። ቁርጥራጭ ግን ከየትኛው ጎን እንደተቆረጠ አይታወቅም፣ ፌስታልሽ ውስጥ ያለው ድብልቅልቅ ነው። እያንዳንዱን ሳትሰብሪው በትንሹ ጎበጥ አድርጊው፣ አንዴ በቁመቱ አንዴ በወርዱ። እሺ ብሎ የጎበጠበት መስመር ጭረቱ ነው። ግድግዳሽ ላይ ጭረቱ ከታች ወደ ላይ መሄድ አለበት፣ ከማዕዘኑ ጋር ትይዩ። የኔ ግምት፣ ረጅሙን ቁራጭ አጋድመሽ እንደ ቀበቶ አዙረሽዋል፣ ጭረቱም በርዝመቱ ነው የሚሄደው። እንዲህ ከሆነ የትኛውም ማዕዘን አይቀርልሽም።

ከማጠፍሽ በፊት ደግሞ ቀለሙ ባለቀ እስክሪብቶና በማስመሪያ መስመሩን ተጫኚው። የተጫንሽበት ገጽ የማዕዘኑ ውጪ ይሁን። ወደ ውስጥ ለሚገቡት ማዕዘኖች በጀርባው ተጫኚ።

ሰላም ከገላን፣ ማታ 2:27
የተጣመመውን በካውያ ተኩሺው፣ ቀጥ ይላል።

የማተሚያ ቤት ልጅ፣ ማታ 2:28
ኧረ በፍጹም! ፕላስቲክ አለበት እያልኩ። ይቀልጥና ካውያውንም ታጫለሽ።

ጎሮ አርክቴክት (ገና 3ኛ ዓመት)፣ ማታ 2:34
ወንድሜ ያለው ልክ ነው። ግን በዚህ ሰዓት አዲስ ረጅም ወረቀት ከየት ታመጣለች? እኛ ሞዴል ስንሠራ እንዲህ ዓይነት ወረቀት ጭራሽ አናጥፍም። ቆራርጠን እንገጥማለን።

መስቀሉን 5 እኩል ካሬ አድርጊና አስቢው። ጠቅላላ ስፋቱ 12 ሳንቲ ከሆነ እያንዳንዱ ግድግዳ 4 ሳንቲ ነው፣ 12 ግድግዳ ይወጣዋል። ሲደመር 48 ሳንቲ። ኤ4 በረጅሙ 29.7 ብቻ ስለሆነ ባንድ ወረቀት መቼም አይሆንልሽም ነበር። ቁርጥራጭ ግን 4 በ4 ሳንቲ ሞልቷል። ቁመቱን እንደፈለግሽ።

12ቱን ቆርጠሽ የሚያብረቀርቀውን ወደ ታች ገልብጠሽ ጠረጴዛ ላይ ደርድሪ። ከደብተር ወረቀት 2 ሳንቲ ስፋት ያላቸው ቁራጮች አውጪና እያንዳንዱን መገናኛ በጀርባው አጣብቂበት፣ ልክ እንደ በር ማጠፊያ። ጀርባው ፕላስቲክ ስለሌለው ነጩ ኮላ ጥርት አድርጎ ይይዘዋል፣ መፈግፈግም አያስፈልግሽም። የሚታጠፈው የደብተሩ ወረቀት ስለሆነ የካርዱ ጭረት ወዴትም ቢሄድ ግድ የለሽም።

አጣጣፉ ወደ ኋላ፣ ወደ ኋላ፣ ወደ ፊት ነው፤ እንዲህ እያለ አራት ጊዜ። 8 ማዕዘን ወደ ውጪ ይወጣል፣ 4ቱ ወደ ውስጥ ይገባል። ወደ ውስጥ የሚገቡት 4ቱ ላይ ብቻ ግማሽ ሚሊ የምታህል ክፍተት ተዪ። ካልተውሽ ጠርዝና ጠርዝ ተገፋፍቶ ዘጠና ዲግሪ አልይዝ ይላል። የመጨረሻውን መገናኛ ስትዘጊ ክብ ሳይሆን መስቀል ሆኖ ይቆማል።

ለጣሪያው ሦስት መስቀል ቆርጠሽ ትልቁን ከታች፣ ትንሹን ከላይ ደርቢ። ወደ ውስጥ እንዳይገባ ከሥሩ ባዶ የክብሪት ቀፎዎች ደራርበሽ አቁሚ።

ኮዬ ፈጬ፣ ማታ 2:37
3ኛ ዓመት ላይ ይሄን ካወቅህ 5ኛ ዓመት ላይ ላሊበላን ትደግመዋለህ።

ፈጣን መልስ፣ ማታ 2:38
ይሄ ሁሉ ከሚሆን ሱፐር ግሉ አይሻልም?

ጎሮ አርክቴክት (ገና 3ኛ ዓመት)፣ ማታ 2:40
አይሻልም። ከተጣበቀ ማስተካከያ ጊዜ አይሰጥም፣ በዙሪያውም ነጭ ጭስ የመሰለ ነገር ይተዋል። ጣትም ያጣብቃል፤ ቤት ውስጥ ደግሞ ልጅ አለ።

ጋሽ ታሪክ፣ ማታ 2:44
የጀመርኩትን ልጨርስ። ጉድጓዱን አትርሱ። የጫማ ካርቶን ውሰጂ፣ ሞዴሉን መሐሉ ላይ አስቀምጪ፣ ጣሪያው ከካርቶኑ አፍ ጋር እኩል ይሁን። ግድግዳው ላይ የተሰነጠቀም ቢኖር ጥላ ውስጥ ስለሚገባ ብዙ አይታይም።

የአባዶዋ እናት፣ ማታ 2:46
ጋሼ፣ እግዜር ይስጥልኝ! የጫማ ካርቶን አለኝ። ይሄን እንኳን አላሰብኩትም ነበር። 12ቱን እየቆረጥኩ ነው። ልጁ የክብሪት ቀፎ እየፈለገልኝ ነው፣ ክብሪቱን ሁሉ መሬት ላይ ደፍቶታል። ቆይ መብራቱ ሊሄድ ነው መሰለኝ

ታዛቢው፣ ማታ 3:02
ቢያንስ ማጣበቁን እሱ ይሥራው።

ሰላም ከገላን፣ በማግስቱ 5:20
እንዴት ሆነ? ተረከቡት?

ኮዬ ፈጬ፣ በማግስቱ 9:05
ዝም ካለች ወይ 10 አምጥቷል፣ ወይ ሱፐር ግሉ ገዝታ ጣቷ ስልኩ ላይ ተጣብቋል።

እማማ ጨፌ፣ ከሳምንት በኋላ
ልጆች፣ ከዚህ ጋር የሚሄድ ጥያቄ አለኝ። የልጅ ልጄ የጎጆ ቤት ሥሪ ተብላለች። ክብ ግድግዳውን ሠርተናል፣ ስፋቱ 13 ሳንቲ ነው። ጣሪያው ግን ሾጣጣ አልሆን አለን፣ እየተጨማደደ።

የማተሚያ ቤት ልጅ፣ ከሳምንት በኋላ
እማማ፣ ለጣሪያው ወፍራም ካርድ አይጠቀሙ፤ ሳሳ ያለ ይሁን። ከመሐል እስከ ዳር 10 ሳንቲ የሆነ ክብ ይሥሩና ሩቡን እንደ ድፎ ዳቦ ቆርሰው ያውጡ። አንዱን ጠርዝ በሌላው ላይ በጣም ትንሽ ብቻ ደርበው ያጣብቁ። ሲገጥም ከታች ያለው ስፋት 15 ሳንቲ ገደማ ይሆናል፣ ከግድግዳው በየጎኑ አንድ ሳንቲ ያህል ይተርፋል፤ ያ ክፈፉ ነው። ከማጣበቅዎ በፊት ወረቀቱን በጠረጴዛ ጠርዝ ላይ እየሳቡ ቀስ ብለው ያለስልሱት። መጨማደዱ የሚመጣው ድርቅ እንዳለ ስለሚጠቀለል ነው። ሹል ካስፈለገ ከሩብ በላይ ያውጡ፣ ግን ያኔ ስፋቱ ስለሚጠብ ክቡን ከመጀመሪያው ተለቅ ያድርጉት።

ፈጣን መልስ፣ ከሳምንት በኋላ
እማማ፣ ለማጣበቂያው እኔን ይጠይቁኝ።