የግራ ዜኖን መብራቴ በርቶ ይጠፋል፤ እባካችሁ እርዱኝ

ሰላም ወገኖች። የ2004 ሞዴል የጀርመን መኪና አለኝ። የግራ የፊት መብራቱ ዜኖን (በጋዝ የሚሠራ ደማቅ መብራት) ነው፤ ይበራና ሁለት ደቂቃ ሳይሞላ ድርግም ብሎ ይጠፋል። አጥፍቼ ሳበራው ይመለሳል፤ ከዚያ ያው ነው።

አምፖሉ ዲ2ኤስ የሚባለው ዓይነት፣ 35 ዋት ነው። የቀኙን ወደ ግራ አዛወርኩት፤ ችግሩ እዚያው ግራ ቀረ። ፊውዙም ደህና ነው። ክዳኑን ስከፍት ግን መስታወቱ ከውስጥ አልቦታል። የባላስቱ (ለአምፖሉ ከፍተኛ ቮልት የሚሰጠው መሣሪያ) ሶኬት አንድ እግርም አረንጓዴ ዝገት ይዟል።

ጋራዥ “ሙሉ መብራቱን ቀይር” አሉኝ። ዋጋው አይቀመስም! ባላስቱን ከቀኙ ጋር ቀያይሬ ልሞክር አሰብኩ፤ አምፖሉን ሲያስነሳ ከ20 ሺህ ቮልት በላይ ስለሚያወጣ ግን ፈራሁ። ባትሪውን ነቅዬ ምን ያህል ልጠብቅ? ወይስ ሶኬቱን ማጽዳት ብቻ ይበቃል? ማታ ልጆቼን ጭኜ የምነዳው በአንድ መብራት ነው። የገጠማችሁ ካላችሁ ቶሎ ንገሩኝ።