ከአውትሉክ 2007 ወደ አዲስ ኮምፒውተር ስንሻገር የቆዩ መልእክቶችና አድራሻዎች እንዴት ይጠበቃሉ?

ጥያቄ፦ ከለገሃር

ለገሃር አካባቢ በሚገኝ አነስተኛ የጉምሩክ አስተላላፊ ቢሮ የደብዳቤ ልውውጡን የምይዘው እኔ ነኝ። የቢሮው ኢሜይል እስካሁን የሚሠራው ዊንዶውስ 7 በተጫነበት ዴስክቶፕ፣ በአውትሉክ 2007 ነው። ሥራ አስኪያጃችን አሁን ዊንዶውስ 11 እና አዲስ ኦፊስ ያለው ላፕቶፕ ገዝተዋል። ከጅቡቲ የመርከብ ወኪሎች፣ ከአስመጪ ደንበኞቻችንና ከባንኮች ጋር የተጻጻፍነው ሁሉ፣ አባሪ ሆነው የመጡት ቢል ኦፍ ሌዲንጎችና (የመርከብ ጭነት ሰነዶች) ፓኪንግ ሊስቶች (የዕቃ ዝርዝሮች) ጭምር፣ ያለው በዚያ ዴስክቶፕ ላይ ብቻ ነው። ዕቃው ከወጣ ከዓመታት በኋላም ኦዲት ሲመጣ ወደ እነዚህ መልእክቶች መመለስ ግድ ይሆንብናል።

አንድ የኮምፒውተር ጥገና ባለሙያ አካውንቱን በላፕቶፑ ላይ መክፈት ብቻ እንደሚበቃና የቀረው ራሱ እንደሚመጣ ነግሮኛል፤ ዴስክቶፑንም ፎርማት አድርጎ (ያለበትን ሁሉ አጥፍቶ) ለመጋዘን ሠራተኛው ሊያዘጋጅልን ጠይቋል። እኔ ግን አላመንኩም። አድራሻዎቹን ለሙከራ በሲ.ኤስ.ቪ. (በተራ ጽሑፍ የሚቀመጥ የሰንጠረዥ ፋይል) አውጥቼ ስከፍተው፣ በአማርኛ የተመዘገቡት የደንበኞች ስሞች በሙሉ የጥያቄ ምልክት ሆነዋል። በዚህ ልምድ ያላችሁ ብትመክሩኝ እጅግ አመሰግናለሁ።

መልስ፦ ከአራዳ

እባክዎ ዴስክቶፑን ማንም ፎርማት እንዳያደርገው፤ ሌላው ሁሉ ከዚህ በኋላ የሚመጣ ነው። ባለሙያው የነገረዎት እውነት የሚሆነው አካውንቱ አይማፕ በሚባለው የኢሜይል መቀበያ ዘዴ የሚሠራ ከሆነ ነው፤ በአይማፕ መልእክቱ ሰርቨር (የኢሜይል አገልግሎት ሰጪው ኮምፒውተር) ላይ ስለሚቆይ ከየትኛውም ማሽን ይገኛል። ፖፕ በሚባለው ሌላው ዘዴ ከሆነ ግን አውትሉክ መልእክቱን ወደ ኮምፒውተሩ ያወርድና፣ ቅጂ ሰርቨር ላይ እንዲተው ካልታዘዘ በቀር፣ ከሰርቨሩ ያጠፋዋል። ያኔ አዲሱ ላፕቶፕ ላይ አካውንቱን ሲከፍቱ የሚያገኙት ባዶ ሳጥን ወይም የጥቂት ቀናት መልእክት ብቻ ነው። «ያለው በዚያ ዴስክቶፕ ላይ ብቻ ነው» ካሉ የእርስዎ አካውንት ፖፕ እንደሆነ እገምታለሁ፤ በአካውንት ሴቲንግስ ውስጥ ከአድራሻው ጎን ተጽፎ ያገኙታል።

በፖፕ ጊዜ መልእክቱም፣ አድራሻውም፣ ካሌንደሩም የሚቀመጡት መጨረሻው ፒ.ኤስ.ቲ. በሆነ አንድ ፋይል ውስጥ ነው። ስለዚህ ዕቃውን እየበተኑ በየዓይነቱ ኤክስፖርት ከማድረግ ይልቅ ፋይሉን እንዳለ መውሰድ ይሻላል። በአውትሉክ 2007 ፋይል የሚለውን፣ ከዚያም ዳታ ፋይል ማኔጅመንትን ሲከፍቱ ቦታውን ያሳይዎታል። አውትሉክን ሙሉ በሙሉ ይዝጉና ፋይሉን በኤክስተርናል ሀርድ ዲስክ ላይ ይቅዱ፤ ክፍት ሆኖ ሳለ የተቀዳ ፒ.ኤስ.ቲ. አይታመንም። መብራት በመሃል ቢጠፋ ቅጂው ስለሚበላሽ ዴስክቶፑ በዩፒኤስ (መብራት ሲጠፋ ለጊዜው ኃይል የሚሰጥ መሣሪያ) ላይ መሆኑን ያረጋግጡ።

በላፕቶፑ ላይ አካውንቱን ሰርቨራችሁ የሚፈቅድ ከሆነ በአይማፕ ይክፈቱት፤ ከአሁን በኋላ የሚመጣው እንደገና በአንድ ማሽን ላይ ታስሮ እንዳይቀር። ቀጥሎ የተቀዳውን ፒ.ኤስ.ቲ. ከሀርድ ዲስኩ ወደ ላፕቶፑ አምጥተው በኦፕን አውትሉክ ዳታ ፋይል ይክፈቱት። ከአዲሱ ሳጥን ሥር ራሱን ችሎ ይቀመጣል። በቢሮው ኔትወርክ ላይ አስቀምጠው ከሩቅ አይክፈቱት፤ ማይክሮሶፍትም ይህን አይደግፍም፤ ፋይሉ ሊበላሽ ይችላል።

መልስ፦ ከፒያሳ

የአማርኛ ስሞቹን ጉዳይ ላብራራ። የቆዩት የአውትሉክ ዕትሞች ሲ.ኤስ.ቪ. ሲያወጡ የሚጽፉት በዩኒኮድ (የዓለምን ፊደሎች ሁሉ በሚያቅፈው የፊደል ሥርዓት) ሳይሆን በዊንዶውስ የቀድሞ የፊደል ሰንጠረዥ ነው፤ በዚያ ሰንጠረዥ ውስጥ ለግዕዝ ፊደል ቦታ ስለሌለው እያንዳንዱ ፊደል ወደ ጥያቄ ምልክት ይለወጣል። ከዚያ ፋይል ስሙን መመለስ አይቻልም፤ ዋናው ግን በአውትሉክ ውስጥ ደኅና ነው። ከላይ እንደተባለው ፒ.ኤስ.ቲ.ውን ከከፈቱ በኋላ የአሮጌውን ኮንታክትስ ማኅደር ሁሉንም መርጠው ወደ አዲሱ ኮንታክትስ ይቅዱ። ስሞቹ እንደተጻፉ ይመጣሉ።

ሌላም አለ። ቢሮው ከቆየ፣ በቀድሞዎቹ የአማርኛ መጻፊያ ፕሮግራሞች፣ በቪዥዋል ግዕዝ ወይም በፓወር ግዕዝ፣ የተጻፉ መልእክቶች ሳይኖሩ አይቀሩም። እነዚህ ዩኒኮድ አልነበሩም፤ ፊደሉን ያበጀው ፎንቱ ነው፤ ፎንቱ በሌለበት ላፕቶፕ ሲከፈቱ ትርጉም የሌለው የላቲን ፊደል ክምር ይሆናሉ። መልእክቱ ተበላሸ ብለው እንዳያጠፉት። ከዴስክቶፑ የፎንትስ ማኅደር እነዚያን ፎንቶች ቀድተው ላፕቶፑ ላይ ይጫኗቸው።

ጠያቂዋ፦ ከለገሃር

ሁለታችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። አካውንቱ በእርግጥ ፖፕ ነው። ነገር ግን ፋይሉ ወደ 6 ጊጋባይት ይጠጋል፤ ወደ ፍላሽ ስቀዳው፣ ፍላሹ 32 ጊጋባይት ባዶ ቦታ እያለው፣ ፋይሉ ትልቅ ነው ብሎ ይመልሰኛል። በተጨማሪም አድራሻ ስጽፍ በመጀመሪያው ፊደል ብቻ የሚመጡልኝ የጅቡቲ ወኪሎች ስሞች በኮንታክትስ ውስጥ የሉም።

መልስ፦ ከአራዳ

ፍላሹ በፋት 32 የተዘጋጀ ስለሆነ ነው፤ ይህ አሠራር ከ4 ጊጋባይት የሚበልጥ አንድ ፋይል አይቀበልም። በላዩ ያለውን አውጥተው በኤክስፋት ወይም በኤን.ቲ.ኤፍ.ኤስ. ፎርማት ያድርጉት፤ እዚህ ላይ ፎርማት የሚደረገው ፍላሹ ብቻ ነው። ስለ መጠኑ አይስጉ፤ ከ2010 ዕትም ወዲህ ያለው አውትሉክ እስከ 50 ጊጋባይት ድረስ ይይዛል።

በመጀመሪያው ፊደል የሚመጡት ስሞች ግን አድራሻ ደብተር አይደሉም። አውትሉክ የጻፉላቸውን ሰዎች የሚያስታውስበት ዝርዝር ነው፤ በ2007 ዕትም ከፒ.ኤስ.ቲ. ውጭ፣ ኤን.ኬ.2 በሚባል ሌላ ፋይል ተቀምጧል። ብዙ ቢሮዎች የሚያጡት ይህንን ነው። አስተማማኙ መንገድ ዴስክቶፑ እየሠራ ሳለ ከእያንዳንዱ ወኪል የመጣ አንድ መልእክት ከፍተው፣ የላኪውን አድራሻ በቀኝ ጠቅታ ወደ ኮንታክትስ መጨመር ነው። አድካሚ ነው፤ ነገር ግን ፒ.ኤስ.ቲ.ውን ከመቅዳትዎ በፊት ከፈጸሙት ከሌላው ጋር አብሮ ይሻገራል።

በመጨረሻ በሁለቱም ማሽኖች ላይ የየማኅደሩን የመልእክት ቁጥር ያስተያዩ፤ የላካችሁትንም ማኅደር አይርሱ። የቆዩ አባሪዎችን፣ በተለይ ትልልቆቹን ስካኖች፣ ከፍተው ይመልከቱ። ቁጥሩ ከገጠመ በኋላም ሁለተኛ ቅጂ በሌላ ሀርድ ዲስክ ላይ ሳይኖር ዴስክቶፑን ለመጋዘን አይልቀቁት።