የድሮው ባለቺንጋ ቫኪዩም ፓምፕ ከ1 ሚሊሜትር ሜርኩሪ በታች አልወርድ አለ

ጥያቄ፦
ሰላም ለሁላችሁ። ፓምፑ የፊዚክስ ላቦራቶሪ ነው፤ በዘይት የሚሠራ ባለሁለት ደረጃ ሮታሪ ሲሆን ሞተሩ ከጎኑ ተቀምጦ በቺንጋ ያዞረዋል። በማክሊዮድ ጌጅ ሲለካ 0.02 ሚሊሜትር ያሳያል፣ በቴርሞካፕል ጌጅ ግን ከ1 በታች አይወርድም። ዘይቱ ወተት መስሏል። ሞተሩ ላይ «115 ቮልት፣ 60 ኸርዝ» ተጽፏል፤ በትራንስፎርመር ነው የሚሠራው፣ ቶሎም ይግላል። የትኛውን ጌጅ ልመን? ከየትስ ልጀምር?

መልስ 1፦
ሁለቱም ጌጆች ልክ ናቸው። ማክሊዮድ የሚለካው ጋዙን ጨምቆ ነው፤ የውሃ እንፋሎት ሲጨመቅ ውሃ ስለሚሆን ከንባቡ ይጠፋል። ቴርሞካፕሉ ግን ግፊቱን የሚያውቀው ጋዙ የጋለ ሽቦን ምን ያህል እንደሚያቀዘቅዝ አይቶ ስለሆነ እንፋሎቱንም ይቆጥራል። ስለዚህ ጠላትዎ ውሃ ነው፤ የዘይቱ መንጣትም ይህንኑ ይመሰክራል።

ፓምፑ ውስጥም ነገሩ ያው ነው። እንፋሎቱ የመውጫውን ቫልቭ ሳይከፍት ውሃ ይሆናል፣ ከዘይቱ ጋር ይዞራል፣ መግቢያው ጋ ሲደርስ መልሶ ይተናል። ቮልፍጋንግ ጌዴ እ.ኤ.አ. በ1935 ጋዝ ባላስትን (እንፋሎቱ ውሃ ሳይሆን እንዲወጣ በጭመቃው ጊዜ ጥቂት አየር የሚያስገባ ቀዳዳ) የፈለሰፈው ለዚሁ ነበር፤ ከዚያ በፊት የተሠሩት ይህ የላቸውም።

ፓምፑን ግማሽ ሰዓት አሠርተው ያሙቁትና ዘይቱን እንደሞቀ ያውጡት። ትንሽ ንጹሕ የቫኪዩም ፓምፕ ዘይት ጨምረው፣ መግቢያውን ከፍተው፣ ፑሊውን በእጅ ጥቂት ዙር ያዙሩና ያፍስሱ። የሚወጣው ዘይት እስኪጠራ ይደጋግሙት። በነጭ ጋዝ ወይም በቤንዚን አይጠቡት፤ ቅሪቱ ለቀናት እየተነነ ቫኪዩሙን ያበላሸዋል። የመኪና ሞተር ዘይትም አይሆንም።

ከዚያ መግቢያውን ከጌጁ ጋር ብቻ በአጭር ወፍራም ቱቦ አገናኝተው ያስነሱት። መጀመሪያ ይንቦጫቦጫል፤ ግፊቱ ሲወርድ ጥርት ያለ «ቋ፣ ቋ» ይሰማል። የሚያስታግሰው አየር ስላለቀ ዘይቱ ቫልቩን ሲመታ ነው። መንቦጫቦጩ ካልቆመ አየር የሚገባበት ቦታ አለ፤ አብዛኛውን ጊዜ ሻፍቱ የሚወጣበት ጋ ነው።

መልስ 2፦
ስለ ሞተሩ። ትራንስፎርመር ቮልቱን እንጂ ኸርዙን አይለውጥም። የ60 ኸርዝ ሞተር በ50 ኸርዝ ሲሠራ ብረቱ ከልክ በላይ በማግኔት ይሞላል፤ የሚግለው ለዚህ ነው። ቮልቱን ወደ 96 ማውረድ ግለቱን ይቀንሳል፣ ጉልበቱም ግን አብሮ ይቀንሳል። የሚሻለው የ220 ቮልት፣ 50 ኸርዝ ሞተር መግጠም ነው። በደቂቃ 1,425 ዙር ለሚዞር ሞተር፣ የሞተሩ ፑሊ 6፣ የፓምፑ 24 ሴንቲሜትር ቢሆን ፓምፑ 356 ዙር ያህል ይዞራል። ፓምፑ ላይ የተጻፈ የዙር ቁጥር ካለ ግን እሱን ይከተሉ።

ቺንጋውን ሳያስገቡ ሞተሩን ለብቻው አስነሥተው አዟዟሩን ከፓምፑ ቀስት ጋር ያስተያዩ። ወደ ኋላ ከዞረ ዘይቱን ወደ መግቢያው ይተፋዋል።

መልስ 3፦
አንድ ነገር ልጨምር። እንዲህ ያሉ ፓምፖች ብዙ ጊዜ ከሜርኩሪ ዲፊዩዥን ፓምፕ (በሜርኩሪ እንፋሎት ግፊቱን ይበልጥ ከሚያወርድ ፓምፕ) ጀርባ ይሠሩ ነበር። ያፈሰሱትን ዘይት በጠርሙስ አቆይተው ሥሩን በባትሪ ይዩት፤ የብር ጠብታ የመሰለ ነገር ከተኛ ሜርኩሪ ነው። ጓንት ያድርጉ፣ ጠርሙሱን ይክደኑ፣ ፍሳሽ ውስጥ አይድፉት።

ሲያጠፉም ወዲያው መግቢያውን ለአየር ይክፈቱ። አለበለዚያ የውጪው አየር ዘይቱን ገፍቶ እስከ መስታወቱ ቱቦ ያደርሰዋል። በመካከል አንድ ባዶ ወፍራም ጠርሙስ ማስገባት፣ ከሱ ቀጥሎም ካልሲየም ክሎራይድ የሞላ ማድረቂያ ማድረግ አዲሱን ዘይት ያቆየዋል።