ቱርክ፣ አንታክያ ያለውን ጓደኛችንን እንዴት እናግኘው?

ድሬዳዋ አብረን ያደግን ልጆች የቴሌግራም ግሩፕ አለን። ሰኞ ጥር 29 ቀን 2015 ከሌሊቱ 10 ሰዓት ከ17 ላይ ቱርክን መጠኑ 7.8 የሆነ ርዕደ መሬት ከመታት ጀምሮ እዚያ ያሉትን ሦስቱን እየፈለግን ነው። ኢስታንቡልና አንካራ ያሉት ወዲያው መለሱ፣ ተመስገን። አንታክያ ያለው ግን ዝም ብሏል። ቴሌግራም ላይ የታየው እሁድ ማታ ነው፤ ስልኩም አይጠራም። ቀን ላይ ደግሞ ሌላ 7.5 መጣ።

እናቱ እዚሁ ድሬዳዋ፣ ደቻቱ ሰፈር ናቸው። በየሰዓቱ ይደውሉልኛል። ምን ልበላቸው?

አንታክያ ውስጥ ሆስፒታሎችም ስለተጎዱ ቁስለኞች ወደ አዳናና መርሲን እየተወሰዱ ነው። ቱርክኛ የምትችሉ፣ እባካችሁ፣ እዚያ ያሉ ሆስፒታሎች ደውላችሁ ጠይቁልኝ። ሙሉ ስሙንና ፎቶውን በውስጥ መስመር እልካለሁ። ሌሊትም ቢሆን ጻፉልኝ፣ አልተኛሁም።